አምስተኛው ቤት

«ቀስ በይ እንጂ ልጄ! የተሸከምሽው እንስራ እኮ ነው!»

ሙላቴ ይህን ሲል ሦስተኛ ጊዜው ነው። ፈንታነሽ አልሰማችውም፤ ሰምታም እንደሆነ አልዘገየችም። ጠላ የሞላ እንስራ በጀርባዋ አዝላ፣ ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ ውርጭ ያደረበትን ቁልቁለት እየተንደረደረች ትወርደዋለች። ወሩ ታኅሣሥ፣ ዘመኑ ሰማንያ አራት ነው፤ ከጉና የሚወርደው ብርድ ሽማግሌ አይምርም። ሙላቴ ስልሳ ሁለት ዓመቱን ዱላው ላይ ጥሎ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ልጁን ላለማጣት ይውተረተራል።

«ቅዳሴው ሳይገባ እንድረስ ብዬ ነው አባባ» አለች ዞር ብላ። «ደሞስ ዛሬ ማን ቀስ ይላል?»

እውነቷን ነው። እሑድ ነው፤ በእንቧጮ በር ማርያም የሰንበቴው ተራ የሙላቴ ቤት ነው፤ ጠላውም ለዚያ ነው። ግን ከጠላው ይልቅ የአጥቢያው ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሌላ ነገር አለ። ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር የሁለት ቤት ዘር ይቆጠራል። ግራዝማች ካሳው ቢተው ለልጃቸው ለይሻው ፈንታነሽን ጠይቀዋል፤ ሽማግሌ ልከዋል፤ ሙላቴም «እሺ» ብሏል። የቀረው ቆጠራው ብቻ ነው። የሁለቱ ሐረግ ወደ ላይ ሲቆጠር እስከ ሰባት ቤት ካልተገናኘ በጥር ሠርግ ነው። ከተገናኘ ግን ዘመድ ናቸውና ቄስ አይባርካቸውም፣ ጎረቤት ድግሳቸውን አይቀምስም፤ በቃ፣ አለቀ።

«ለወጉ ያህል ነው» ይላል ሰው ሁሉ። ለወጉ! ሙላቴ ግን ሦስት ቀን ሙሉ እህል በጉሮሮው አልወርድ ብሎታል።

በደጉ ዘመን ቢሆን ሃያ አምስት ዓመት የሞላት ልጅ እቤቱ አስቀምጦ ሽማግሌ የሚጠብቅ አባት የለም። ፈንታነሽም በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ለደረጄ ታጭታ ነበር፤ ጨዋ ልጅ፣ ሞፈር ሲጨብጥ የሚያምርበት። ሰባ ስድስት ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የስም ዝርዝር ይዞ መጣና ደረጄን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። ከአስመራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደብዳቤም የለ፣ መርዶም የለ። በአራት ዙር ከዚህ አጥቢያ ሠላሳ ሁለት ጎረምሳ ሄደ። ቀጥሎ ሌላው ወገን ከበረሃ መጣ፤ እሱም ጎረምሳ አይጠላም ነበር። ጉና ላይ መድፍ ሲያጓራ ተከረመ፣ ደርግ ወደቀ፣ «ሰላም ሆነ» ተባለ። ከሠላሳ ሁለቱ የተመለሱት አምስት ናቸው። ሁለቱ ቀድሞም ሚስት ነበራቸው። አንዱ ደብረ ታቦር ላይ ከአንዲት ጠላ ሻጭ ጋር ቀረ። አንዱ ሰው ባየ ቁጥር ምሽግ የሚፈልግ ሆኖ፣ እናቱ ከጠበል ጠበል ታንከራትተዋለች። አምስተኛው ይሻው ነው።

እንግዲህ አንድ ይሻው፣ ስንት ሴት! ባለፈው ጥምቀት ልጃገረዶቹ ታቦት ሸኝተው ሲዘፍኑ ከወዲያ ማዶ የሚቀበላቸው ወንድ ጠፋ። እኩሌቶቹ ተሻግረው እንደ ወንድ ሆነው ተቀበሏቸው። መጀመሪያ ተሳቀ፤ ኋላ አንዲት እናት እዬዬ ስትል ጨዋታው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሳያረጁ ቆብ ደፍተዋል፤ ሌሎቹ ባሕር ዳር ወርደዋል፤ ምን ሥራ እንዳገኙ ግን ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

ፈንታነሽን የመረጣት ራሱ ይሻው ነው። ነሐሴ ላይ የወታደር ካፖርቱ በጭቃ ጠጥሮ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ መጣና ምንጩ ዘንድ ሲደርስ ወደቀ። እሷ ውኃ አጠጣችው፤ ከመቀነቷ ቆሎ ፈታ ሰጠችው። ሌላው ሁሉ «ልጄን አየኸው? ወንድሜንስ?» እያለ ሲያዋክበው፣ እሷ ስለ ደረጄ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። «ያልጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት፤ እሷን ነው የምፈልግ» ብሎ ለአባቱ ነገራቸው አሉ። ግራዝማችም ሳያንገራግሩ «ይሁን» አሉ። ሙላቴን ያስፈራው ይኸው ነው። ግራዝማች ካሳው በሙላቴ ነገር ሳያንገራግሩ «ይሁን» ያሉበት ቀን ኖሮ አያውቅም።

ፈንታነሽ ወንዙ ዳር ስትደርስ ቆማ ጠበቀችው። ፊቷ በብርዱ ቀልቷል፤ ዐይኗ ይስቃል። እንዲህ ሆና ካያት ዓመታት አልፈዋል።

«ትናንት ምንጭ ላይ ስንት ሴት የነበርን ይመስልዎታል?» አለችው።

«ስንት?»

«ዐሥራ አንድ። ዐሥራ አንዳችንም የምናወራው ስለ አንድ ወንድ!» ከት ብላ ሳቀች። «ስርጉት ምን ብትለኝ ደግ ነው? ‹እትዬ ፈንታነሽ፣ ድንገት ከተውሽው እኔ አለሁ› አትለኝም!»

«የማናት ደፋር! ታዲያ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትስቅ እንጂ ምን ታድርግ።» የእሷ ሳቅ ግን እዚያው ቆመ። ገመዱን ደረቷ ላይ አስተካከለች። «አባባ፣ አንድ ነገር ይወቁልኝ። ይሄ ከቀረ እኔ ሌላ አልጠብቅም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ፣ የሚጠበቅ ሌላ የት አለና? ያቺው ቆብ ናት፣ አለዚያም ያው ባሕር ዳር።» ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ውኃው ውስጥ ገባች። መሐል ላይ ዞር ብላ «ምነው ዝም አሉ?» አለችው።

«ብርዱ ነው» አለ ሙላቴ።

ብርዱ አልነበረም። የሃያ አምስት ዓመት ነገር ነበር።

በጃንሆይ ዘመን መሬት በርስት ነበር። አገሩን ያቀናው ሰው ዘር መሆንህን ስም በስም ቆጥረህ ካላሳመንክ አንድ ክንድ መሬት የሚሰጥህ አልነበረም። ሙላቴ ደግሞ የሚቆጥረው አልነበረውም። የአባቱ የወርቁ እናት ትርንጎ፣ በክፉው ቀን ረኃብ ከይፋግ በኩል ነድቷት የመጣች፣ በሰው ቤት ወፍጮ ላይ ያለቀች ሴት ናት፤ የማን ልጅ እንደሆነች እሷም አጥርታ አታውቅ። ሙላቴ የሰው ማሳ በእኩል እያረሰ ኖረ። በአምሳ ስምንት ክረምት የበኩር ልጁ በረኃብ እጁ ላይ ሞተበት። ሚስቱ አሰለፈች እንደገና ስታረግዝ ሙላቴ ቆረጠ። የግራዝማች ካሳው ቅድመ አያት ሞላ፣ ወደ ይፋግ ተድራ ወሬዋ የጠፋ ልጅ ነበረቻቸው ሲባል ሰምቷል። «ያቺ ልጅ የኔ አያት ትርንጎ ናት» ብሎ ተነሣ። አንድ ሽማግሌ በሁለት እንስራ ማር መሰከረለት። እሱ ራሱ በማርያም ደጅ መስቀል ይዞ ማለ። ግራዝማች «ባዳ ነው! ኧረ ይሄ ሰው ባዳ ነው!» እያሉ ቢጮሁ የሚሰማቸው ጠፋ፤ ከማሳቸው ላይ አንዲት ቁራሽ ተቆርሳ ለሙላቴ ተሰጠች። በወሩ ሴት ልጅ ተወለደች። በሞተው ፈንታ የመጣች ናትና ፈንታነሽ አሏት፤ ከእሷ ወዲያ አሰለፈች አልወለደችም።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ! ስምንት ዓመት አረሳት። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ ርስት የሚባለው ነገር ከነሐረጉ በአንድ አዋጅ ቀረ፤ ሙላቴ የማለባት መሬት ለሌላ ተደለደለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ለሙላቴም ቀሎለት ነበር። ለንስሐ አባቱ እንኳ አልተናገራትም፤ የምታውቀው አሰለፈች ብቻ ናት።

ዛሬ ጧት እሷው ደጃፍ ላይ ይዛዋለች። «የትርንጎን አባት ከጠየቁህ አላውቅም በል። እውነትም አታውቅ።»

«ግራዝማችስ?»

«ምስክርህ ሞቷል፣ ዘር ቆጣሪው ጃጅተዋል፣ መሬቷ ሄዳለች፤ ሰዉም ረስቶታል። ግራዝማች የገዛ ልጃቸውን ደስታ በአሮጌ ነገር ያበላሻሉ? በል፣ ሂድ፤ ፊትህን አታጥቁረው፤ ልጂቱ ታይሃለች።»

ማርያም ሲደርሱ ደወሉ ይደወላል። ደወሉ የመድፍ ቀለህ ነው፤ የድሮው በውጊያው ተሰንጥቆ በምትኩ የተሰቀለ። ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ የሙላቴ ዐይን ሳያዘው ቆጠረ። በወንዶች በር ሽማግሎችና ሕፃናት ወጡ፣ አለቁም። በሴቶች በር ግን ነጠላው አያልቅም።

አለቃ ተስፋነህ ከወይራው ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። ሰማንያን አልፈዋል፤ የአጥቢያውን ሰው ዘር ሁሉ በቃላቸው የያዙ፣ እሳቸው ሳይቆጥሩት በዚህ ደብር ጋብቻ የማይጸና ሊቅ ናቸው። በቀኛቸው ግራዝማች ካሳው ከጃንሆይ ዘመን የቀረ ካኪ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ይሻው ከአባቱ ኋላ ቆሟል፤ ካፖርቱን አሳጥቦታል፣ ጠጉሩን ተከርክሟል። ፈንታነሽ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ እንስራዋን አውርዳ ተደግፋዋለች።

አለቃ ከከረጢት የወንዝ ጠጠር ዘርግፈው «በስመ አብ። የልጁ ወገን ይቅደም» አሉ።

«ይሻው» አሉ ግራዝማች። አንድ ጠጠር። «ካሳው። ቢተው። እሸቴ። ሞላ። ወለተ ኪዳን። ክንፈ ሚካኤል።»

ሰባት ጠጠር በአንድ ረድፍ ተደረደረ።

«የሴቷ ወገን።»

«ፈንታነሽ» አለ ሙላቴ። «ሙላቴ። ወርቁ። ትርንጎ።»

አለቃ አራቱን ጠጠር ከፊተኛው ረድፍ ጎን ደርድረው አምስተኛውን በጣታቸው ይዘው ጠበቁ። «የትርንጎ አባት?»

«አላውቅም አለቃ። ከይፋግ በኩል የመጣች ናት። ከእሷ በላይ አላውቅም።»

ጉድ እኮ ነው! በዕድሜው ሙሉ ስለ ትርንጎ በዚህ ደጅ ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነው። አለቃ ነጭ ሽፋሽፍታቸውን አርገብግበው አዩት፤ ያስታወሱም አይመስሉም። «እንግዲህ ካልታወቀ፣ ከአራት ወዲያ የሚያገናኝ ስም ከሌለ...» አሉና ጠጠሩን ወደ ከረጢቱ ሊመልሱ እጃቸውን አነሡ። ፈንታነሽ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ሙላቴ «እመብርሃን፣ ይቺን ብቻ» አለ በሆዱ።

«አንድ ጊዜ፣ አለቃ» አሉ ግራዝማች።

ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ከኮታቸው ውስጥ የቆዳ ማኅደር አወጡ፤ ከማኅደሩ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ ያረጀ ወረቀት አወጡ። ግርጌው ላይ የአንበሳው ማኅተም እንደ ቀላ ነው።

«ሙላቴ ረስቶት ነው፤ ዕድሜ ነው፣ አልፈርድበትም። ይህን ፍርድ ያን ጊዜ በእጅዎ የገለበጡት እርስዎ ነዎት። ያንብቡልን።»

አለቃ ወረቀቱን ከዐይናቸው አስጠግተው የገዛ ጽሕፈታቸውን አወቁት። «...ሙላቴ ወርቁ የትርንጎ የልጅ ልጅ መሆኑን፣ ትርንጎም የሞላ ልጅ መሆኗን፣ በእመቤታችን ደጅ መስቀል ይዞ ስለ ማለ...» እዚህ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አምስተኛውን ጠጠር አነሡና ከሞላ ጠጠር ጋር አጋጠሙት።

«አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ» አሉ። «ዘመድ ናቸው። አይሆንም።»

ከሴቶቹ መሐል የስርጉት እናት የልጇን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ስታስተካክል ሙላቴ አየ።

ዝም ቢል ምን ይቀርበታል? ስሙ አይነካም። ሽማግሌ ነው፣ ሰው ሲጣላ የሚጠራ ነው፣ በማኅበሩ ጽዋ ተራ አለው። ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ቀና ሲል ፈንታነሽን አያት። አላለቀሰችም። ከእንስራው አፍ ላይ የወደቀ ቅጠል እያነሣች ነበር፤ አንዱን አንሥታ ሌላ ትፈልጋለች፣ ሌላ ግን የለም። ሙላቴ ዱላውን ጥሎ ተነሣ።

«በሐሰት ነው የማልሁ!» አለ። «ሰማችሁ? በሐሰት ነው! ትርንጎ የሞላ ልጅ አይደለችም። የማን እንደሆነች አላውቅም። ልጄ ተርቦ ሞቶብኝ ነበር፤ መሬት ፈልጌ ዋሸሁ። እኔ ባዳ ነኝ። ልጄም ባዳ ናት። ስጧት፣ ታግባ!»

ከሽማግሎቹ መሐል አንዱ «ድንቄም! ርስት ሲያምረው ዘመድ፣ አማች ሲያምረው ባዳ!» አለና ሳቀ። ሳቁ ወዲያውኑ ተዛመተ። ሴቶቹም ሳቁ፤ የሙላቴን ልብ የሰበረው የእነሱ ነው።

አለቃ አልሳቁም። «ስማ ሙላቴ» አሉ። «ያኔ በዚህ ደጅ ዋሽተህ ከሆነ፣ ዛሬ በዚሁ ደጅ እውነት ትናገራለህ ብለን በምን እንመንህ? ያኔ እውነት ተናግረህ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ዋሸህ። ምስክር አለህ?»

«ሞቷል። ግን አሰለፈች ታውቃለች፤ ሚስቴን ጠይቋት።»

«የሙሽራይቱን እናት!» አለ ያው ሽማግሌ፤ እንደገና ተሳቀ።

«እንግዲያ ልማል! መስቀሉን ይስጡኝና ልማል!»

አለቃ በእጃቸው የነበረውን መስቀል ወደ ካባቸው ውስጥ መለሱት። «ላንተ መስቀል አይሰጥም» አሉት። «ቀኖናህን ተቀብለህ እስክትፈጽም የማኅበሩን ጽዋ አትቀምስም። የዛሬውም ጠላህ ይመለስ።»

ይሻው እግሩን እየጎተተ ወደ ፊት ወጣ። «አባባ፣ እኔ አምነዋለሁ» አለ። «እኔ...»

«ዝም በል» አሉ ግራዝማች፤ ዞረው እንኳ አላዩትም።

ናቅፋ ግንባር ሦስት ዓመት ምሽግ ይዞ የቆየው ሰው ዝም አለ። ፈንታነሽ ዐይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ ወደ እንስራዋ መለሰች። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችውም።

ሰው ሲበተን ግራዝማች ወደ ሙላቴ መጡ። ጎንበስ ብለው የወደቀውን ዱላ አነሡና አቀበሉት።

«እኔ አምንሃለሁ» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያኔም አውቅ ነበር። የሞላ ልጅ ይፋግ ሳትደርስ መንገድ ላይ በንዳድ ሞታለች። አያቴ እሸቴ መቃብሯን አሳይተውኛል።»

ሙላቴ ጉልበታቸው ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ታዲያ ይናገሩልኛ ግራዝማች! ስለ እመብርሃን! ልጂቱ ምን አጠፋች?»

«ተናገርኩ እኮ» አሉ ግራዝማች። «ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። እዚሁ፣ ከዚች ወይራ ሥር። ‹ባዳ ነው› ብዬ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ስጮህ ልክ እንደዛሬው ነበር የተሳቀው።»

«እሺ ልጅዎስ? ይወዳታል። የወደዳትን አጥቶ...»

«ልጄ ምን ቸገረው?» አሉ። በአገጫቸው ወደ ሴቶቹ ጠቆሙ። ከቅጥሩ እስከ በሩ ድረስ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ለመሄድ ያልቸኮሉ ሴቶች ቆመዋል፤ ስርጉት ከፊት ናት። «እያቸው እስቲ።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ሲመለሱ ፈንታነሽ ከፊት፣ ሙላቴ ከኋላ ነበሩ። እንስራው ሙሉ ነው፤ ጠላው እንደ መጣ ይመለሳል። አንድ ጊዜ «ልጄ፣ እኔ ልያዘው» ቢላት ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ አለፈች። ወንዙን ተሻገሩ። ዳገቱን ጀመሩት። ጥቂት እንደ ሄዱ ቆመች።

«የት ናት?» አለች።

«ምኗ?»

«መሬቷ።»

ከመንገዱ ወጣ ብሎ በአጋም ቁጥቋጦ መሐል መራት። መሬቷ ከድንጋይ ካብ ሥር የተጋደመች ጠባብ ቁራሽ ናት። ከአዋጁ በኋላ ለባልቴቷ ለጥሩወርቅ ተደልድላ ነበር፤ የጥሩወርቅ ሁለት ወንዶች ልጆች ከሠላሳ ሁለቱ ውስጥ ናቸው። መሬቷ የሚያርሳት አጥታ ሦስት ዓመት ጦም አድራለች። እንቧጮና አሜከላ ወርሷታል።

«ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

ፈንታነሽ እንስራዋን እንዳዘለች ከዳር እስከ ዳር ተራመደቻት። ረዥም ጊዜ አልፈጀባትም። ከካቡ ስትደርስ ዞራ፣ መጀመሪያ መሬቷን፣ ቀጥላ አባቷን አየች።

«ለዚች?» አለች።

«ወንድምሽ ተርቦ ሞቶ ነበር» አለ ሙላቴ። «አንቺ ሆድ ውስጥ ነበርሽ። ወለጋ ልሂድ ብል እናትሽ መንገድ አትችልም። አንቺንም እንዳልቀብር ብዬ ነው የማልሁ። ለሌላ አይደለም፤ ላንቺ ነው።»

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ብታለቅስም ይሻለው ነበር። እሷ ግን «ስንት ዓመት አረሷት?» አለችው።

«ስምንት።»

«እንግዲህ ስምንት ዓመት በልቼባታለሁ» አለች። እንስራውን ከጀርባዋ አወረደች፤ አፉን ፈታች፤ ዘንበል አድርጋ ጠላውን ከአሜከላው ሥር ለቀቀችው። ሙላቴ እጁን ዘረጋ። «ምን ታደርጊያለሽ?»

«ከብዶኛል አባባ። ይሄን ዳገት ሙሉ ይዤ አልወጣውም።»

ጠላው ተንዶቅድቆ እስኪያልቅ ሁለቱም አዩት። መሬቷ ደርቃ ስለነበር ወዲያው መጠጠችው። ፈንታነሽ ባዶውን እንስራ አዘለች። «ለእማዬ እኔ እነግራታለሁ፤ አንቱ ቀስ ብለው ይምጡ» አለችውና መንገዱን ያዘች። አሁን አትሮጥም ነበር። ሙላቴ አልተከተላትም፤ ካቡ ላይ ተቀመጠ።

ከልጅነቱ የለመደ አፉ ሳያስበው መቁጠር ጀመረ። «ፈንታነሽ። ሙላቴ። ወርቁ። ትርንጎ።» ከዚህ በላይ የሚዋሽበት ምክንያት ስላልነበረው እዚያው ትርንጎ ላይ ቆመ። እንግዲያ ወደ ታች ልቁጠር አለ። በፈንታነሽ ጀመረ፣ በፈንታነሽም አለቀ።